«ገና ነው ጋሼ፣ መቶ ሺህ ይሄዳል»፦ ስለ ካንዴላ የሚወራው እና እውነታው

ጋራዤ ከተክለሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ያው ወሬ ይመጣል። ሰውየው አቧራ የለበሰ ፎር ዊሉን ያቆማል። «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ትቆራርጣለች» ይለኛል። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) መቼ እንደቀየረ ስጠይቀው ፊቱ ይበራል። «እሱ እንኳ ገና ነው። ጫፉ ኢሪዲየም ነው፣ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል።» መመለሱ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ስልኬን አውጥቼ አስነብባለሁ።

«የካንዴላ ዕድሜ በኪሎ ሜትር ነው»

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ30,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም 100,000 አካባቢ ይደርሳሉ፣ የሚያልፉም አሉ። ግን ይሄ የአስፋልት ቁጥር ነው። ካንዴላ መንገድ አይቆጥርም፣ ብልጭታ እንጂ። በተኮሰ ቁጥር ከጫፉ ኢምንት ብረት ይበላል፤ ብልጭታው የሚዘለው ክፍተትም እየሰፋ ይሄዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር አንዱ ካንዴላ አንዴ ይተኩሳል። አስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ቢዞር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 940 ያህል ብልጭታ ነው። አሁን ያችኑ መኪና ፎር ሎው (ለከባድ ዳገት የሚሆነው ዝቅተኛ ማርሽ) አስገብተህ ድንጋያማ ዳገት ውጣ። ፍጥነትህ 10፣ ዙሩ 2,000 ይሁን። አንዷ ኪሎ ሜትር ስድስት ደቂቃ ትፈጃለች፣ ብልጭታው 6,000 ይሆናል። ከስድስት እጥፍ በላይ! ቆጣሪህ ግን ሁለቱንም «አንድ ኪሎ ሜትር» ብሎ ነው የሚጽፋቸው። ሜክሲኮ አደባባይ ተጨናንቀህ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ ስትቆምማ ጭራሽ ምንም አይጽፍም፤ ካንዴላው ግን መተኮሱን አላቆመም።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ በቤንዚን ፕራዶው መጣ። ሥራው አፋር ነው። ካንዴላ ከቀየረ 62,000 ሄዷል። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም የለባትም፤ አዋሽን አልፋ ቆላ ስትገባ፣ ጭነት ሲኖራትና ኤሲ ሲከፈት ትንዘፈዘፋለች። አንዱ «ቤንዚኑ ነው» ብሎት የነዳጅ ፓምፕ አስቀይሮታል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ለካሁ። 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ክፍተት 1.5 ደርሷል።

ታዲያ እዚህ ለምን ደህና ሆነች? ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቆላ ሲወረድ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይወፍራል፤ ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ያረጀ ካንዴላ ፒያሳ ላይ ይደበቅና ገመናው አፋር ላይ ይወጣል። ይባስ ብሎ የፕራዶዋ አንዱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ) ተቃጥሏል፤ ሰፊ ክፍተት ኮይልን ያስጨንቃል። የኮይል ዋጋ ከካንዴላ ጋር አይወራም።

ስለዚህ ገጠር የምትሠራ የቤንዚን መኪና ካለችህ የተባለውን ቁጥር በግማሽ ቁረጠው። ኒኬሉን 20,000 ላይ ጣለው። ኢሪዲየሙን 50,000 ላይ አስፈትተህ አስለካ፣ ደህና ከሆነ ይመለሳል። ስታስፈታ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፣ በትኩሱ ከታገልከው ጥርሱ ይበላል። መጀመሪያ ደግሞ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አስነፋ፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ የመንገድ አሸዋ ፒስተንህ ላይ ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ መቼም ያለችህን መያዝ ነው።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈገፍግና መልሰው»

ይህን የሚለኝ ሰው አባቱ በካርቡሬተር ዘመን ሲያደርጉት አይቶ ነው። የኢሪዲየም ጫፍ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሽቦ ብሩሽ ይሰብረዋል። ነጩ ሸክላ ላይ የሚቀረው የብረት ብናኝም ለኤሌክትሪኩ ሌላ መሄጃ ይከፍትለታል። ደግሞም የሰፋ ክፍተት በመፈግፈግ አይጠብም። (ጫፉ እንደ ምስማር ራስ የወፈረ «ኢሪዲየም» ከሸጡልህ ፎርጂድ ነው፣ መልስላቸው።)

«ካንዴላው ጠቁሯል፣ ስለዚህ መጥፎ ካንዴላ ነው»

ካንዴላ መልእክተኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም መኪናዋ አጭር መንገድ ብቻ ነው የምትሄደው። በዘይት የራሰ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። አቧራ የሚያሳልፍ የአየር ፊልትሮ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል፣ ዘይቱም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። አዲስ ካንዴላ ብትተክል ያው ይጠቁራል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ አትነካካው።

«ኢሪዲየም ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። ያረጀው የወሰደብህን ነው የሚመልስልህ።

«የሃርድ ቶፔ ካንዴላ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘርህ ናፍታ ከሆነች ካንዴላ የላትም። ናፍታ የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው፤ ጠዋት ለማስነሳት የምታግዘው ማሞቂያ ሌላ ዕቃ ናት። «ስድስቱንም በስንት ይቀይሩልኛል?» ብሎ የደወለልኝ ሰው ነበር። በነፃ አልኩት።