«ቴዎድሮስ ቁጡ ነበሩ፤ ዓይነታቸው ይሄ ነው» አትበሉኝ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ብዙም ሳንርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጣቶች ጋር ቡና እንጠጣለን። ወሬው ስለ ሰው ባሕርይ ነው፤ ኤምቢቲአይ (ሰውን በአራት ፊደላት ከሚጻፉ 16 ዓይነቶች በአንዱ የሚመድብ የባሕርይ ፈተና)፣ ኮግኒቲቭ ፈንክሽን (ከዓይነቶቹ ጀርባ ያለው የአእምሮ አሠራር)። ታዲያ ሁሌም አንዱ ወደ ሐውልቱ ይጠቁምና «እሳቸው በቃ አዛዥ ዓይነት ናቸው፤ ቁጣቸውን አልሰማህም እንዴ?» ይለኛል። ሰለቸኝ።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ።

«ኤክስትሮቨርት ማለት ወሬኛ ነው።» አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. የጻፈው የሰው ትኩረት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ስለማዘንበሉ ነው።

«16ቱን ዓይነቶች ያወጣው ዩንግ ነው።» እሱ የዘረዘረው 8 ነው። 16 ያደረሱት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው።

«ፈተናው ከወሰነ አለቀ።» ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲፈተን ሌላ ዓይነት ሊወጣለት ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ድርጊቱን ካየሁ ፈንክሽኑን አወቅኩ» የሚሉት ነገር። ቁጣ ፈንክሽን አይደለም! ፈንክሽን አእምሮ መረጃ የሚይዝበትና የሚፈርድበት መንገድ ነው። ያለውን እንዳለ በዓይንና በጆሮ መያዝ፣ ገና ያልታየውን መገመት፣ በምክንያት መመዘን፣ በልብ ዋጋ መስጠት። አንድ ድርጊት ከየትኛውም ሊመጣ ይችላል።

በእድራችን ሁለት እናቶች አሉ። ልቅሶ ሲሆን ሁለቱም ንፍሮ ይዘው ከሰው ቀድመው ይደርሳሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዷ «ያዘነ ሰው ጦሙን ሲውል አያስችለኝም ልጄ» አሉኝ። ሌላዋ «ተራው ተጽፏል፤ ተራ ካልተጠበቀ እድር ይፈርሳል» አሉ። ንፍሮው አንድ ነው፤ መነሻው ለየቅል።

ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሳይመጣ ሲቀር የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ይህ የተዋረደ ልብ ነው ወይስ መልስ ለማስመጣት የታሰበ ስሌት? ከእስራቱ ብቻ ማን ይለየዋል? የንጉሡን ታሪክ የጻፉት ምስክሮችም አንድ አይደሉም። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን ይወዳሉ፤ ዜና መዋዕላቸውም የመጨረሻዎቹን ክፉ ዓመታት አይነካም። አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ፤ ብዙም አይራሩላቸውም። አንዱን ብቻ ያነበበ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሰውየው ራሱ የጻፈውን ወይም ያጻፈውን ደብዳቤ አንብቡ። ውሳኔዎቹን በዓመት ደርድሩ። የቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ተዋበች በሕይወት ሳሉ የሆነውን፣ በ1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከሆነው ለዩ፤ ሐዘን የጎዳው ሰው ያደረገውን ሁሉ የተፈጥሮው ነው አትበሉ። ያደረገውን ስትጽፉ፣ እሱ ራሱ የሰጠውን ምክንያት ከጎኑ አስፍሩ። ግምታችሁን የሚያፈርስ ማስረጃም ፈልጉ። በሕይወት ያለን ባለሥልጣን ደግሞ በቴሌቪዥን ንግግሩ አትፈርጁ፤ ንግግሩን ሌላ ሰው ጽፎለት ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። በግራ የዘነብን፣ በቀኝ የወልደ ማርያምን ቃል ገልብጣለች። መሃል ላይ የዓይነቱን አራት ፊደላት በእርሳስ ጽፋ ነበር፤ ሁለቱን በላጲስ አጥፍታ ባዶ ትታቸዋለች። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ስለ ሁለቱ ባዶ ቦታዎች አወራን።