ቤት ከመግዛት በፊት የሚደረግ ልኬት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ካርታውን ደግሞ ስሙንና ማኅተሙን አይቶ ይመልሳል። ካርታው ላይ የተጻፈው መሬትና አጥሩ ውስጥ ያለው መሬት አንድ መሆናቸውን የሚያጣራ ግን ጥቂት ነው። ከግዢ በፊት የሚደረግ ልኬት የሚባለው ይኸው ማጣራት ነው። ቀያሽ ካርታውን ይዞ ቦታው ድረስ ይሄዳል። ወሰኑን በመሣሪያ ያወጣል። ቤቱና አጥሩ ከወሰኑ ጋር መግጠም አለመግጠማቸውን ያይና በወረቀት አስፍሮ ይሰጣችኋል።

ጠንቃቃ ገዢ እዚያው ላይ መሐንዲስ ይጨምራል። የመሐንዲሱ ሥራ ሌላ ነው፤ የቤቱን ጤንነት ይፈትሻል። ቀያሽ ስለ ግድግዳ ስንጥቅ አይነግራችሁም፣ መሐንዲስም ወሰን አያወጣላችሁም። ብዙ ሰው አንዱን አስጠርቶ ሁለቱንም የጨረሰ ይመስለዋል።

በእኛ አገር ልኬቱን የሚያከብደው የመሬት ሕጋችን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለቤቱና በቦታው ለመጠቀም መብት ነው። የዚያ መብት ልክ ደግሞ ያለው ካርታው ላይ ነው። አጥርማ ማንም ያጥራል።

በቁጥር እንየው። ካርታው 200 ካሬ ይላል እንበል፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20። ሜትር ይዛችሁ ስትለኩ ፊቱ 9 ሜትር ከ40 ሆነ። 60 ሳንቲ ሜትር በዓይን አይታይም። ግን በ20 ሜትር ርዝመት ሲባዛ 12 ካሬ ይሆናል። 3 በ4 የሆነ መኝታ ቤት ማለት ነው። እናንተ የከፈላችሁበትን መኝታ ቤት የጎረቤት ግንብ ወስዶታል። ይህን ያህሉን ለማወቅ ቀያሽም አያስፈልግም፤ ረዘም ያለ ሜትርና የሚያግዝ አንድ ሰው ይበቃል። አራቱን ጎን ከለካችሁ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ። ቦታው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ይመጣሉ። ካልመጡ ቦታው ጠማማ ነው፤ ከካርታው ቅርጽ ጋር አስተያዩት።

ከማነሱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያታልለው መብዛቱ ነው። ካርታው 200 ይላል፣ አጥሩ ውስጥ ግን 240 አለ። ደላላው «ትርፉ ምርቃት ነው» ይላችኋል። እባካችሁ በዚህ አትደሰቱ። ትርፍ ይዞታ ካርታ ላይ ስለሌለ ሻጩ ሊያስተላልፈው የሚችለው መብት የለውም። ወይ የጎረቤት ነው፣ ወይ የመንገድ ነው፣ ወይ የመንግሥት ክፍት ቦታ ነው። ስም ሲዞር ወይም የግንባታ ፈቃድ ስትጠይቁ ባለሙያ መጥቶ ይለካል፤ ያኔ ይወጣል። ሻጩ ያኔ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፣ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ሰርቪሱና የውሃ ታንከሩ ትርፉ ላይ ከተሠሩ ደግሞ ማፍረሱም የእናንተ ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ልዩነት በሜትር ለክቶ የማይገኝ ነው። ስፋቱ ልክ ነው፣ ቅርጹም ልክ ነው፣ ግን ቦታው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቷል። ድሮ በገመድ ተለክቶ በተሰጠ ሰፈር አንዱ ጎረቤት አንድ ሜትር ሲገፋ ቀጥሎ ያለውም ይገፋል። እንዲህ እያለ መስመሩ በሙሉ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ቀያሹ ግድ የሚሆነው።

ካርታው ላይ የቦታው ጥጎች በኤክስና በዋይ ቁጥር ተጽፈው ታገኛላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ኤክሱ 320 ሺህ አካባቢ፣ ዋዩ 1 ሚሊዮን 280 ሺህ አካባቢ ነው። ሁለቱም በሜትር ናቸው፤ ዋዩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ነው። ቀያሹ የታወቀ መነሻ ነጥብ ላይ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመለኪያ መሣሪያ ይተክላል። ረዳቱ ፕሪዝም ያለበትን ዘንግ ይዞ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ሲባል ይንቀሳቀስና ነጥቡ ላይ ሲደርስ ችካል ይመታል ወይም በቀይ ቀለም ምልክት ያደርጋል። አራት ጥግ ላለው ቦታ አራት ምልክት ይወጣል። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ወሰን በግልጽ ይታያል።

አንዳንድ ሰው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያስገባና ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ርቆ፣ ሌላ ሰፈር ውስጥ ሲወጣበት ይደነግጣል። ካርታው ፎርጅድ ነው ብሎ ከሻጭ ጋር የሚጣላም አይጠፋም። ወዲያው ወደዚያ ድምዳሜ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ስልክ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ይጠቀማል። ሁለቱ አገራችን ላይ በዚያን ያህል ይለያያሉ፤ ቀያሽ ያውቀዋል፣ ያስተካክለዋል። ያም ተስተካክሎ ስልክ ራሱ በጥቂት ሜትሮች ይስታል። ሰፈሩን ለማወቅ ይሆናል እንጂ ወሰን አይወጣበትም።

አባይ ማዶ አንድ ልኬት ቆሜ አይቻለሁ። የኋለኛው ጥግ ምልክት ያረፈው ሰርቪሱ ውስጥ፣ የወጥ ቤቱ ወለል መሐል ላይ ነበር። ሻጩ መሣሪያው ተሳስቷል አሉ። ቀያሹ ምንም ሳይከራከር መልሶ ለካ፤ ያው ወጣ። በዚህ መሐል የጎረቤቷ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። ቀያሹ «እማማ፣ ድሮ አጥሩ የት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «እዚያ ኮባው ጋ ነበር ልጄ። ሲያጥሩ ወደ እኔ ገቡ። ጎረቤት ናቸው ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ገዢው ገና ቀብድ አልከፈለም ነበር። ዋጋው እንደገና ተነጋገሩበት፣ ሰርቪሱም ከሽያጩ ወጣ።

ለዚህ ነው ጎረቤትን ጠይቁ የምለው። መሣሪያው ወሰኑን ያወጣል፤ ወሰኑ ላይ ጠብ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። ለሻጭ ብላችሁ ሳታፍሩ ግራውንም ቀኙንም አንኳኩ። የከተማ ይዞታዎች በሕግ እየተረጋገጡ ይመዘገባሉ። የምትገዙት ቦታ በዚያ ሥርዓት ተረጋግጦ ከሆነ ወሰኑ አንዴ ተጣርቷል ማለት ነው፤ ሥራችሁን በእጅጉ ያቀልላችኋል። ካልተረጋገጠ ደግሞ ጎረቤት ማነጋገሩ ይበልጥ ያስፈልጋል።

መቼ ይለካ? ከቀብድ በፊት። ይህን አጥብቄ የምናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድን ቀላል ነገር ስላላደረገው ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ ያፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከፍላችሁ ከለካችሁ በኋላ ጉድለት ብታገኙ መውጫው ክርክር ነው። ደላላ ሁልጊዜ «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል» ይላል። ይምጣ። ልኬቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በቤት ግዢ ላይ አይሠራም፤ እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም። ሻጩ ጨርሶ አላስለካም ካለ እኔ ብሆን ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

ካሬው በሌላም መንገድ ኪሳችሁን ይነካል። በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሊዝ በካሬ ይታሰባል። የሌለ ካሬ ገዝታችሁ ለሌለው ካሬ ሊዝ እንዳትከፍሉ ቁጥሩ አስቀድሞ ይጥራ።

አሁን ወደ ቤቱ ልለፍ። ባሕር ዳር ዙሪያ ብዙው አፈር ዋልካ ነው፤ ጥቁሩ፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀረው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ቤቱን ከታች ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ዋልካው በደንብ ሳይወጣና በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ ሙሌት፣ ሳይተካ መሠረት የተጣለ ከሆነ ግድግዳው ይናገራል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ፈልጉ። የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርድም አለ። ልስን ላይ ያለች ፀጉር የመሰለች መስመር ብዙም አታስፈራም። የአንድ ብር ሳንቲም የምታስገባ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ሳያያት አትለፏት። በሩ ወለሉን እየፋቀ የሚዘጋ ከሆነ፣ የወለሉ ሴራሚክ አንድ ወገን ላይ ድው ድው የሚል ከሆነ፣ እነዚህም ያው ወሬ ናቸው።

ለሽያጭ ተብሎ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ግለጡ። አንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከታች፣ መሬት አካባቢ፣ አጠናውን በቁልፍ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ምስጥ የበላው እንጨት ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ነው፤ ድምፁ ይለያል፣ ቁልፉም ሰተት ብሎ ይገባል።

ጣና ዳር ላለ ቤት ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ውሃው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ከፍ ብሎ ጫፍ የሚደርሰው ግን ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ከባሕር ዳር አጠገብ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ ፍሰቱን ይቆጣጠራል እንጂ ይህን መውጣትና መውረድ አያስቀርም። ሐይቁ ከፍ ሲል ዳር ዳሩ ላይ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ከፍ ይላል። በሚያዝያ ያያችሁት ደረቅ ግቢ በመስከረም ሌላ ግቢ ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ ክረምት ሲወጣ እዩት። ካልቻላችሁ የአጥሩን ግንብ ከታች እዩ፤ ውሃ የቆመበት ከፍታ ነጭ መስመር ትቶ ይሄዳል፣ ልስኑም ይረግፋል። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ክረምት ላይ በስንት ጊዜው እንደሚመጠጥ ጎረቤት ይነግራችኋል። ጉድጓዱ በየጊዜው የሚሞላው በቤተሰቡ ብዛት ካልሆነ ከመሬት ውስጥ በሚገባ ውሃ ነው።

እንዲሁም የሐይቁ ዳርቻ ጥበቃ ያለበት ነው። ጣናና ዙሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣና ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገል ያለበትን ረግረግ ሞልቶ የተሠራ ቤት ቢያምርም ካርታውና ፕላኑ ምን እንደሚሉ ከከተማው ማዘጋጃ ሳታጣሩ አትንኩት። እግረ መንገዳችሁን የመንገድ መስመር ግቢውን ይነካው እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ጠይቁ።

ልኬት የማያድነውም ቦታ አለ። ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ሰባታሚት ወይም ወደ መሸንቲ ስትወጡ ከአርሶ አደር ላይ በመንደር ውል የሚሸጥ ቦታ ይቀርብላችኋል። የሚታያችሁ ወረቀት የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ይሆናል። ቦታውን በቶታል ስቴሽን ብታስለኩት በትክክል ይለካል። ግን የገጠር መሬት በሽያጭ አይተላለፍም፤ እዚያ ላይ የተሠራው የጨረቃ ቤትም ካርታ የለውም። በዕድሜ ልክ ቁጠባችሁ እዚያ አትግቡ።

ቀያሹን እናንተ ምረጡ፣ እናንተ ክፈሉ። የሻጩ ዘመድ ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን። ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ። በቃል ብቻ «ልክ ነው» ብሎ እንዳይሄድ፤ የአራቱን ጥግ ቁጥር፣ የጎኖቹን ርዝመት፣ ጠቅላላ ካሬውንና ቤቱ የቆመበትን የሚያሳይ ንድፍ ፈርሞ ይስጣችሁ። ምልክቱ ሲደረግ ሻጩና አዋሳኞቹ ይኑሩ፤ ፎቶ አንሱ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ውልና ማስረጃ ፊት ስትቀርቡ ያንን ንድፍ ከውሉ ጋር አያይዙትና ሻጩ እያንዳንዱን ገጽ ይፈርምበት። ልዩነት ከተገኘ ደግሞ ማን፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ እንደሚያስተካክለው ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ እስኪስተካከል ድረስም ከዋጋው የተወሰነው በእጃችሁ ይቆይ።