ገዳዩን ብታውቁትም ልባችሁ ይንጠለጠላል፦ ስለ ልብ አንጠልጣይ እና እንግዳ ልቦለዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅ ሆኜ ያነበብኩት አንድ የወንጀል ልቦለድ መጨረሻ አልነበረውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መጽሐፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ። እንዴት እንደተናደድኩ! ለሳምንታት ማታ ማታ የራሴን መጨረሻ እየፈጠርኩለት ተኛሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙሉውን ቅጂ አግኝቼ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ገዳዩም ታወቀ። ዛሬ ግን የገዳዩን ስም ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት መብራት አጥፍታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከበሩ ጀርባ የቆመችውን ሴት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብ አንጠልጣይ እና ወጣ ያሉ ልቦለዶችን እያሳደድኩ አነባለሁ። ስለ እነዚህ መጻሕፍት የሚባለውንም እሰማለሁ። አንዳንዱ የምር ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ሳይነበብ የተፈረደ ፍርድ ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ጊዜ ማሳለፊያ ነው እንጂ ቁም ነገር የለውም»

ይሄን የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሩሲያዊውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን ያከብራሉ። የእሱ «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 በመጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ልቦለድ ነው። አንባቢው ቀጣዩን ክፍል ለማግኘት የሚቀጥለውን እትም መጠበቅ ነበረበት። ግድያው የሚፈጸመው ከስድስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ገዳዩን ከመነሻው እናውቀዋለን፤ ሲያቅድም ሲያደርገውም አብረነው ነን።

እዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ገዳዩ ራስኮልኒኮቭ ገድሏል፤ ገና ከገደለበት ቤት አልወጣም። ሁለት ሰዎች መጥተው ከውጭ በሩን ይነቀንቃሉ። እሱ ከውስጥ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሟል። በመካከላቸው ያለው አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ምን እንደምመኝ ልንገራችሁ? እንዳይያዝ። ሁለት ሴቶችን የገደለ ሰው እንዲያመልጥ እመኛለሁ። ከዚያ ገጹን ገልብጬ በራሴ አፍራለሁ።

ያን ሀፍረት በስብከት ማምጣት አይቻልም። ደራሲው ልቤን በማንጠልጠል ነው ያመጣው። ከገዳዩ ጋር አንድ በር ጀርባ አቆመኝና ስለ ወንጀል ያለኝን አቋም ፈተነው። ታዲያ ይሄ ቁም ነገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ደካማ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ የለም አልልም። ሞልቷል። ደካማ ግጥምም ሞልቷል፤ ግን በእሱ ምክንያት ግጥምን የሚንቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«ልብ አንጠልጣይ ማለት ሩጫ፣ ጥይት እና ደም ነው»

ሩጫና ጥይት ያለበት መጽሐፍ ሊያዝናና ይችላል። ልብ የሚንጠለጠለው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ባልሆነበት ሰዓት ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህንን በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ውይይት ላይ በቀላል ምሳሌ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ቦምቡ መኖሩን ካላወቀ፣ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቀድሞ ካወቀ ግን፣ ያንኑ ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ በሰቀቀን ይከታተላል። «ኧረ ወሬውን ትታችሁ ተነሱ!» ማለት ያምረዋል።

ልብ በሉ፣ በሁለተኛው አማራጭ ሰቀቀኑን የወለደው ማወቅ ነው። ተመልካቹ ከገጸ ባህሪያቱ የበለጠ ያውቃል፤ ግን ሊያስጠነቅቃቸው አይችልም።

በጽሑፍም እንዲሁ ነው። በጣም የጨነቃችሁን ገጽ ተመልሳችሁ እዩት። ጎበዝ ደራሲ እዚያ ጋ አይሮጥም፤ ይንቀረፈፋል። ቁልፉ ቀስ ብሎ ይዞራል። ደረጃው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰውዬው ኮቱን ይሰቅላል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ ስለ አየሩ ያወራል። እኛ ደግሞ ጥፍራችንን እንበላለን። ከሃምሳ ገጽ በፊት በጨዋታ መሃል የተጣለች አንዲት ዓረፍተ ነገር አሁን ታቃጭላለች። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ንግር የሚሉት ይህንን ነው፦ ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ፣ ሳያስነቁ፣ ጠቆም ማድረግ። ደህና የተጣለ ንግር ከአስር የጥይት ድምፅ ይበልጣል።

«መጨረሻውን ካወቅኩት አለቀለት»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ከሰው የሚጣላበት ነው።

ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1981 ያሳተመው አንድ አጭር ልቦለድ አለ። ርዕሱ ራሱ አስቀድሞ ስለተነገረ ሞት ያወራል። ሳንቲያጎ ናሳር የተባለው ወጣት እንደሚገደል በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገረናል። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑም ብዙ ሳይቆይ እናውቃለን፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ «ልንገድለው ነው» እያሉ ይዞራሉ። ምን ቀረ ታዲያ? የቀረው እያንዳንዱ ገጽ ነው። አንዱ ሊያስጠነቅቀው ፈልጎ ያጣዋል። አንዱ የስካር ወሬ ነው ብሎ ይተወዋል። አንዱ ሌላ ሰው ነግሮታል ብሎ ያስባል። መሞቱን እያወቅኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩት፣ «አሁን እንኳ አንድ ሰው ይንገረው» እላለሁ።

የጥንት ግሪኮችም ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባውን የንጉሥ ኤዲፐስን ታሪክ ቲያትር ቤት ከመግባታቸው በፊት ያውቁት ነበር። መጨረሻው ለማንም ምስጢር አልነበረም። የሚያዩት እሱ ራሱ እስኪያውቅ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ፈላስፎችም በዚህ ነገር ራሳቸውን አስጨንቀዋል። ሰቀቀን ካለማወቅ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ለምን ይጨነቃል? እየተባለ ብዙ ተጽፏል።

በ2011 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተሹት። 12 አጫጭር ልቦለዶችን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ አንባቢዎች መጨረሻውን አስቀድመው ነገሯቸው፤ ለሌሎቹ አልነገሩም። የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን በአማካይ ይበልጥ ወደዷቸው። የምርመራ ታሪኮችም ጭምር! በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት በበኩሉ ያልተነገረ ታሪክ ይበልጥ እንደሚያዝናና አገኘ። ስለዚህ «ስፖይለር (መጨረሻውን አስቀድሞ መንገር) ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ መደምደም አይቻልም። «ስፖይለር ታሪኩን ይገድለዋል» ማለትም እንዲሁ።

የእኔ እምነት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ንባብ «ምን ይሆን?» እያለ ይጎትተኛል። ሁለተኛው «እንዴት አድርጎ ነው የሠራው?» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ጣዕም አላቸው። ግን ሁለተኛውን በፈለግኩ ጊዜ ላገኘው እችላለሁ፤ የመጀመሪያው የሚገኘው አንዴ ብቻ ነው። እንግዲያው ለጓደኛ መጽሐፍ ስታውሱ መጨረሻውን አትንገሩ። የጓደኛችሁን ምርጫ ነው የምትወስዱበት።

«እንግዳ ልቦለድ ሕግ የለውም፤ ደራሲው ያሻውን ይጽፋል»

የካፍካን «ሜታሞርፎሲስ» አስቡት። በ1915 የወጣ ነው። ግሬጎር ሳምሳ የተባለ የጨርቅ ሽያጭ ሠራተኛ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ ግዙፍ ተባይ ሆኗል። ይህ የማይሆን ነገር ነው። ግን በታሪኩ ውስጥ የማይሆነው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የምናውቀው ኑሮ ነው። ግሬጎር የሚጨነቀው ባቡር ስላመለጠው ነው። አለቃው ምን ይለኛል ይላል። ሰውነቱ ያ ሁሉ እግር አብቅሎ እሱ ስለ ሥራ ሰዓት ያስባል። ቤተሰቡም መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይላመዳል፣ ከዚያ ይሰለቻል። የሚያመው ደግሞ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ደራሲው ያሻውን ቢጽፍ ኖሮ፣ እናቱ ወፍ፣ ቤቱ መርከብ ቢሆን ኖሮ፣ ግድ አይሰጠንም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሲዛነፍና ሌላው ሁሉ በቦታው ሲቆም ነው እንግዳነቱ የሚሰማን።

የምርመራ ልቦለዱ ዓለም ከዚህም የጠበቀ ሕግ ነበረው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ፣ እሱ ራሱ የምርመራ ልቦለድ ደራሲ፣ በ1929 አስር ትእዛዛት ጽፏል። መርማሪው ራሱ ወንጀሉን መፈጸም የለበትም። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል መልስ ሊሆን አይችልም። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል አይፈቀድም። መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢውም መታየት አለበት። የአንዳንዶቹ አጻጻፍ ፈገግ ያሰኛል። ሐሳቡ ግን ቁልጭ ያለ ነው፦ ደራሲው ከአንባቢው ጋር የገባው ስምምነት አለ።

ያ ስምምነት ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ያሳየችው አጋታ ክሪስቲ ናት። በ1926 ባሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ ታሪክ ምክንያት «አጭበረበረችን» ያሏት ነበሩ። መፍትሔውን አልነግራችሁም። ይህን ብቻ ልበል፦ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ተመለሱና አንብቡት። አንዲት የሐሰት ዓረፍተ ነገር አታገኙም። ሁሉም ዓይናችን ፊት ተቀምጧል። ሰሙን እያደነቅን ወርቁን ያለፍነው እኛው ነን።

«ካልገባኝ፣ ወይ እኔ ነኝ ችግሩ ወይ መጽሐፉ ከንቱ ነው»

ሦስተኛ አማራጭ አለ። አንዳንድ መጽሐፍ የተሠራው እርግጠኛ እንዳንሆን ነው።

ሄንሪ ጄምስ በ1898 የጻፈው «ዘ ተርን ኦቭ ዘ ስክሩ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንዲት ወጣት ሞግዚት ሁለት ልጆች ወደምታሳድግበት ትልቅ ቤት ትሄዳለች። የሞቱ ሰዎች ይታዩኛል ትላለች። መናፍስቱ በእርግጥ አሉ? ወይስ አእምሮዋ የፈጠራቸው ናቸው? ሁለቱንም ወገን ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ አልተስማሙም። ጽሑፉ ሁለቱንም ያስኬዳል። ቶዶሮቭ የተባለው ሐያሲ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ልብ ማመንታት ነው ብሏል። አንባቢው «ተፈጥሯዊ ምክንያት አለው» እና «የለውም» በሚሉት መካከል እስካመነታ ድረስ ታሪኩ ሕይወት አለው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትጨርሱ ግራ ከተጋባችሁ፣ ምናልባት በትክክል አንብባችሁታል ማለት ነው። እኔ ሞግዚቷን አምናት ነበር። አሁን አላምናትም። በሚቀጥለው ንባብ የት እንደምቆም አላውቅም፤ ይሄ ደስ ይለኛል።

በእርግጥ ደራሲው መድረሻ አጥቶ የተወው ታሪክም አለ። ልዩነቱ እንዴት ይታወቃል? ተመልሳችሁ ስታነቡት። ሆን ተብሎ ክፍት የቀረ ታሪክ ሲደገም ይጠብቃል። ዝም ብሎ የተተወ ታሪክ ሲደገም ይላላል።

«የሚያስፈራ ነገር የሚወድ ሰው ልቡ ጨለማ ነው»

አይደለም። በ2020 የጸደይ ወራት፣ ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ 310 ሰዎችን ያሳተፈ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በዚያ ወቅት ከሌሎቹ ያነሰ የመንፈስ ጭንቀት እንደነበራቸው ተናግረዋል። አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን ጨለማ ወዳጅ የሚለውን ስም አይደግፍም። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ፍርሃት ልክ አለው። ሲበዛብኝ እዘጋዋለሁ፤ ሲሻለኝ እከፍተዋለሁ። የኑሮ ፍርሃት ይህን ዕድል አይሰጥም።

«የዘመኑ ሰው ትዕግስት ስላጣ የመጣ ፋሽን ነው»

ዘመናዊው የመርማሪ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ኤድጋር አላን ፖ በ1841 ካሳተመው አጭር ልቦለድ ነው። ታሪክን ሆን ብሎ በመሃል ማቋረጥ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ጥንታዊ የአረብኛ ቁራጭ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ተርፎ ይገኛል።

ደግሞስ የዚያ መጽሐፍ ተራኪ ሸህራዛድ ትዕግስት ላጣ ሰው ነው እንዴ የምትተርከው? ንጉሡ በየሌሊቱ አንዲት ሙሽራ እያገባ ጠዋት ያስገድላል። ተራዋ ሲደርስ ተረት ትጀምራለች። ሊነጋ ሲል፣ ነገሩ እሳት ሲሆን፣ ዝም ትላለች። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ንጉሡ ነው። ሞኝ አይደለም። ለምን እንደምታቋርጥ ያውቃል፤ ነገም እንደምታቋርጥ ያውቃል። ሰይፉ በእጁ ነው። እሱም እስኪመሽ ይጠብቃል።