ስኳሯ ሲወጣና ሲወርድ፦ ኢንሱሊን ስለምትወስድ ድመት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጠዋት 320። ከሰዓት 110። ማታ 290። በማግስቱ ያው ምግብ፣ ያው መርፌ፣ ያው ሰዓት፤ ቁጥሩ ግን ሌላ። የስኳር ሕመም ያለባት ድመት በቤቱ ያለች ሰው ይህን ውጣ ውረድ በደንብ ያውቀዋል። ልብ ያንጠለጥላል። "ምን አጥፍቼ ነው?" ያሰኛል።

እኔም ድመቴ ኢንሱሊን የጀመረች ሰሞን እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ትእዛዝ ነበር የማየው። ከፍ ሲል መጠን መጨመር ያምረኛል፤ ዝቅ ሲል መርፌውን መዝለል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ከሕመሙ ባልተናነሰ ያወዛወዛት የእኔ መሯሯጥ ነበር። ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚያው አካባቢ ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሳው። ቁጥሮቹን የምጽፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። መለኪያችሁ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ ለ18 አካፍሏቸው።

"ከመርፌ በፊት ከፍ ካለ፣ መጠኑ አንሷታል ማለት ነው"

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ለድመት የሚሰጠው ኢንሱሊን ስኳሩን የሚያወርደው ቀስ በቀስ ነው። ብዙ ጊዜ መርፌው ከተሰጠ ከ4 እስከ 8 ሰዓታት በኋላ ስኳሩ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የኢንሱሊኑ ኃይል እየደከመ ሲሄድ ስኳሩ ተመልሶ ይወጣል። ቀጣዩን መርፌ ልትሰጡ ስትሉ የምትለኩት እንግዲህ ያለፈው መርፌ ኃይሉ ባለቀበት ሰዓት ነው። ያ ቁጥር የ12 ሰዓቱ ከፍተኛ ቢሆን አይገርምም።

አሁን ጠዋት 340 አነበባችሁ እንበል። ደንግጣችሁ መጠኑን ጨመራችሁ። ያላያችሁት ነገር ግን አለ፦ ትናንት መርፌው ከተሰጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ስኳሯ 85 ነበር። በአዲሱ መጠን ዛሬ ወደ 45 ሊወርድ ይችላል። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ድመቷ ብቻዋን ቤት ናት።

መጠን የሚወሰነው በዝቅተኛው ነጥብ ነው። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ዝቅተኛው ነጥብ ከ80 እስከ 150 ባለው መካከል እንዲያርፍ ይፈልጋሉ። ከ80 በታች ከወረደ፣ የጠዋቱ ቁጥር የፈለገውን ያህል ከፍ ቢል መጠኑ መቀነስ አለበት። ዝቅተኛውን ነጥብ ለማግኘት ደግሞ "ከርቭ" የሚባለውን መሥራት ነው፦ በአንድ ቀን ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ለ12 ሰዓት መለካት። አድካሚ ነው፤ አልዋሽም። ግን በዘፈቀደ ሰዓት ከተለካ የአንድ ሳምንት ቁጥር ይልቅ የዚያ አንድ ቀን ውጤት ብዙ ይናገራል።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አብዛኛዎቹ ድመቶች በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት አካባቢ ይጀምራሉ። መጠን የሚለወጠው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ በግማሽ ወይም በአንድ ዩኒት ነው። ከለወጣችሁ በኋላ ደግሞ ሰውነቷ እስኪለምደው 5 እስከ 7 ቀን ስጡት። በየቀኑ መጠን የምንቀያይር ከሆነ የትኛው መጠን ምን እንደሠራ ሐኪሙም እኛም ልናውቅ አንችልም። በዚህ መሃል ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይደወላል።

"ያው መጠን ያው ቁጥር መስጠት አለበት"

አይሰጥም። ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ከቀን ቀን ይለያያል። የተወጋችበት ቦታ፣ የበላችው መጠን፣ የተጫወተችው ጨዋታ፣ የደበቀችው ሕመም ሁሉ ለውጥ ያመጣል። አንዲቷን ድመት ሁለት ቀን አከታትላችሁ ከርቭ ብትሠሩላት ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ልታገኙ ትችላላችሁ። ግባችን ስኳሯን ቀጥ ያለ መስመር ላይ ማስኬድ አይደለም። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ከ300 በታች እንድትውልና በጭራሽ አደገኛ ዝቅታ ላይ እንዳትደርስ ነው። የድመት ኩላሊት ስኳርን ይዞ ማስቀረት የሚችለው እስከ 250 ወይም 290 አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ስኳሩ ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ያ ሁሉ መጠጣትና መሽናት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንደ ልማዷ እየጠጣች፣ ክብደቷን ይዛ፣ ፀጉሯን እየላሰች ከሆነ አንድ መጥፎ ቁጥር ብዙ አያስጨንቃችሁ።

"ክሊኒክ ሲለካ 400 ነበር፣ ስለዚህ ሕክምናው አልሠራም"

ድመት ስትፈራ ጉበቷ ስኳር ይለቃል። የመኪናው ጉዞ፣ የውሻው ድምፅ፣ የማታውቀው እጅ አለ። የስኳር ሕመም የሌለባት ድመት እንኳ እንዲህ ሆና ስትለካ ከ300 ልታልፍ ትችላለች። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ መለካት ዋጋ ያለው። የጆሮዋን ጫፍ በሞቀ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያዝ ማድረግ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወጋ፣ አንዲት ጠብታ ደም። ከዚያ የምትወደውን ቁራሽ ሥጋ መስጠት። ብዙ ድመቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ለመዱት ይባላል፤ የእኔም ቁራሿን ለማግኘት ራሷ እየመጣች ትቀመጥ ነበር።

ቤት መለካት ካልተቻለ ፍሩክቶሳሚን የሚባል የደም ምርመራ አለ። ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት አማካይ ስለሚያሳይ የአንድ ቀን ድንጋጤ አያዛባውም። ጉድለቱ፣ አማካይ ስለሆነ ከፍታና ዝቅታን ይደብቃል። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰርም አለ። ለሰው የተሠራው ፍሪስታይል ሊብሬ ለድመትም ይውላል። ለሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ይሠራል፤ ድመት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይወልቃል። ሴንሰሩ ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየ በጆሮ ደም ማረጋገጥ ጥሩ ነው።

"የሰው የስኳር መለኪያ አይሠራም"

ይሠራል፤ ግን ድመት ላይ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ምክንያቱ ደሙ ነው። የድመት ስኳር ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው በፈሳሹ የደም ክፍል ውስጥ ነው፤ በሰው ግን ቀይ የደም ሴሎችም ብዙ ይይዛሉ። መለኪያው የተስተካከለው ለሰው ስለሆነ ስሌቱ ይዛባል። አንድ መለኪያ ይዛችሁ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ለሐኪሙም የሰው ይሁን የእንስሳ ንገሩት። ጠዋት በአንዱ፣ ማታ በሌላው ስትለኩ የምታዩት ውዥንብር የድመቷ ላይሆን ይችላል።

"ከፍ ካለ፣ ዝቅ ብላ ነው የዘለለችው"

ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ተቃራኒ ነው። በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ማይክል ሶሞጂ በ1930ዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ኢንሱሊን በዝቶ ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊንና ግሉካጎን የሚባሉ ሆርሞኖችን ለቆ መልሶ ያስወነጭፈዋል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ባየ ቁጥር "ሶሞጂ ነው" ብሎ መጠን ይቀንሳል። እንደ ግላርጂን ያለ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኢንሱሊን በሚወስዱ ድመቶች ላይ ይህ ብዙም የሚታይ ነገር አይደለም። በግምት መጠን የተቀነሰላት ድመት ለሳምንታት 400 ላይ ትቀመጣለች፤ ሥጋዋም ይመነምናል። ዝላይ መሆኑን የሚያሳየው ዝቅታውን በመለኪያ ማየት ብቻ ነው። ካላያችሁት አትገምቱ።

"መርፌው በደንብ ካልገባ መድገም ነው"

በፍጹም! ፀጉሯ ረጠበ፣ ግማሹ ፈሰሰ፣ ወይም ስትወጉ ዘለለች። ምን ያህል እንደገባ አታውቁም። አትድገሙት። እስከ ቀጣዩ መርፌ ጠብቁ። አንድ መርፌ ያመለጣት ድመት 12 ሰዓት ስኳሯ ከፍ ብሎ ትውላለች፤ ከዚህ የከፋ ነገር ብዙ ጊዜ አይመጣም። እጥፍ ኢንሱሊን ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚወጋ ካለ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ የወጋ ሰው ወዲያው ይፈርም።

"ሲሪንጅ ሁሉ አንድ ነው"

አጭር ነገር ነው፣ ግን ነፍስ ያጠፋል። እንደ ፕሮዚንክና ካኒንሱሊን ያሉት የእንስሳት ኢንሱሊኖች በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ይይዛሉ። በብዛት የሚሰጠው ግላርጂን 100 ዩኒት ይይዛል። ሲሪንጁም እንደዚያው ይለያያል። የ100ውን ኢንሱሊን በ40ው ሲሪንጅ ከቀዳችሁ ድመቷ የምታገኘው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የጠርሙሱ ቁጥርና የሲሪንጁ ቁጥር መመሳሰሉን አዲስ ፓኬት በከፈታችሁ ቁጥር እዩ።

"ስኳር አልሰጣትም፣ ስለዚህ ምግቧ ችግር የለውም"

ድመት ሥጋ በል ናት። ጉበቷ ብዙ ካርቦሃይድሬትን ቶሎ ለማስተናገድ አልተሠራም። ደረቁ የድመት ምግብ ደግሞ ቅርጹን የሚይዘው በስታርች ስለሆነ አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ይበዛበታል። ፕሮቲን የበዛበት፣ ካርቦሃይድሬት ያነሰበት እርጥብ ምግብ ውጣ ውረዱን በግልጽ ሊያረጋጋው ይችላል።

ግን ልብ በሉ። ምግብ ሲቀየር የኢንሱሊን ፍላጎቷም ሊቀንስ ይችላል፤ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ። ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ሊበዛባት ይችላል። ምግብ የምትቀይሩት ሐኪሙ አውቆ፣ እናንተም በየቀኑ እየለካችሁ ይሁን። ወፍራም ናት ብላችሁ ደግሞ አታስርቧት። ለጥቂት ቀናት ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሕይወቷ ሊያሰጋት ይችላል። ክብደት ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው።

"ስኳሯ ቢወርድ ሳያት ይታወቀኛል"

አንዳንዴ ብቻ። መንገዳገድ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ጥግ ይዞ ፈዞ መቀመጥ፣ ሲብስ መንፈራገጥ ይታያል። ግን 50 ላይ ሆና ሶፋው ላይ ተጋድማ የተኛች የምትመስልም አለች። ከ60 በታች ካነበባችሁ ደህና ብትመስልም ዝም አትበሉ። መብላት ከቻለች ምግብ ስጧት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ ለኩ፤ ለሐኪም ደውሉ። መብላት ካልቻለች ማር ወይም በውሃ የሟሟ ስኳር ድዷ ላይ ቀብታችሁ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው። እየተንፈራገጠች ከሆነ ጣታችሁን ጥርሷ መሃል አታስገቡ፤ አፏ ውስጥ ፈሳሽም አታፍስሱ፣ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ማሩ ሠርቶ ብትነቃም ኢንሱሊኑ ገና ደሟ ውስጥ ስላለ ተመልሳ ልትወርድ ትችላለች፤ ጉዞውን አትሰርዙት።

ከመርፌ በፊት ከስንት በታች ከሆነ እንደማትወጉ ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌሊት ላይ ብቻችሁን ሆናችሁ የምትወስኑት ጉዳይ አይደለም።

"መርፌውን በአዲሱ መድኃኒት መተካት ነው"

በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ ቤክሳካት የተባለ ክኒን፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የተባለ ፈሳሽ ተፈቅደዋል። ስኳሩን በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ ለአንዳንድ ድመቶች ትልቅ እፎይታ ናቸው። ነገር ግን የአሜሪካው ፈቃድ ቀደም ሲል ኢንሱሊን የወሰደች ድመት እንድትወስዳቸው አይፈቅድም። ምክንያቱ ኪቶን ነው። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኪቶን የሚባል ነገር ይፈጥራል፤ እሱ ሲበዛ ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ያውም ስኳሯ መለኪያው ላይ ደህና እየመሰለ። ከጓደኛ ድመት የተረፈ ክኒን በፍጹም እንዳትሞክሩ። መርፌ ላይም ያለች ብትሆን መብላት ካቆመች፣ ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች ኪቶን ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

"መጠኑ ቢጨምርም ካልወረደ፣ ገና ይጨመር"

እየጨመራችሁ ነው፣ ስኳሩ ግን አይበገርም። ያኔ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ኢንሱሊኑ ጊዜው አልፎበታል? በረዶ ሆኖ ነበር? አወጋጋችሁስ? እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ ድመቷ ተመለሱ። የታመመ ጥርስ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቆሽት ብግነት ኢንሱሊን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ለቆዳ ወይም ለአስም የተሰጠ ስቴሮይድም እንዲሁ። አንዳንድ ድመቶች ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ ካለች ዕጢ የእድገት ሆርሞን በብዛት ይመነጭባቸዋል፤ እነሱ ላይ ትልቅ መጠን እንኳ ላይበቃ ይችላል። ይህ በደም ምርመራ ይታያል፤ ጠይቁ።

"አንዴ ከጀመረች ዕድሜ ልኳን ነው"

ይህኛው ውሸት መሆኑ ደስ ይለኛል። የድመት የስኳር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሰውን ሁለተኛ ዓይነት ይመስላል። ቆሽቷ ፈጽሞ አልሞተም፤ ከፍ ያለው ስኳር ራሱ አድክሞታል። ስኳሩ ቶሎ ከተረጋጋ፣ በተለይ ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ፣ ቆሽቷ አገግሞ ያለ ኢንሱሊን መኖር የሚችሉ ብዙ ድመቶች አሉ።

ይህ ጊዜ ግን መጠንቀቅ የሚገባበትም ነው። የራሷ ኢንሱሊን ሲመለስና የምትወጉት ሲደመርበት ቁጥሩ ሳይታሰብ ይወርዳል። ለሳምንታት 120፣ 100፣ 90 ማየት ከጀመራችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። መርፌው ከቆመ በኋላም መለኪያውን አትጣሉት። ምግቧ እንደነበረው ይቀጥል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ለኩላት። ሌላ ሐኪም ስቴሮይድ ሊያዝላት ሲል ታሪኳን ንገሩት። የውሃ ሳህኗ ቶሎ ቶሎ መጉደል ከጀመረ ደግሞ በዚያው ቀን ጆሮዋን አሞቃችሁ ለኩ።