የማዕድን ማውጫ በሞዴል ባቡር ጠረጴዛ ላይ፦ ከአዳማ ድንጋይ ሲሠራ

ሞዴል ባቡር እውነተኛውን ባቡር ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያውና ከነኮረብታው አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ የመሥራት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ብዙ ሠሪዎች ከሚወዷቸው ትዕይንቶች አንዱ የማዕድን ማውጫ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባቡሩ ሥራ ያገኛል። ዝም ብሎ የሚዞር ባቡር ቶሎ ይሰለቻል። ባዶ ፉርጎ ይዞ ገብቶ ጭኖ የሚወጣ ግን የሚያስመለክት ነገር አለው።

ሐዲድና ማዕድን ድሮም አይለያዩም። እ.ኤ.አ. በ1825 እንግሊዝ ውስጥ የተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር በዋናነት የታሰበው ለድንጋይ ከሰል ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ የዳሎልን ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው መሰል ማዕድን) ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ ላይ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ካለው ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ጠባብ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ስፋቱ፣ ማለትም በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

አዳማ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ሁለት የባቡር ዘመን አይታለች። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ በኩል መሠራት ጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነው ምድር ባቡር ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሆን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ዙሪያዋ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ቀዩ ሬድ አሽና ነጣ ያለው ፑሚስ ለብሎኬትና ለመንገድ ሥራ ይቆፈራሉ። ጎኑ ተቆርጦ ቀይ ሆዱ የሚታይ ኮረብታ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ድንጋዩን የሚያመላልሰው ሲኖትራክ እንጂ ባቡር አይደለም። ስለዚህ ወደ ኮረብታው የምትገባዋን ቅርንጫፍ ሐዲድ ሠሪው ከራሱ ይጨምራል። ይሄ በሞዴል ዓለም የተፈቀደ ነው።

የማዕድኑ ዓይነት ሲመረጥ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወርቅ ነው። ለባቡር ግን ወርቅ አይረባም። ድንጋዩ እዚያው ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ የሚወጣው ነገር አንድ ሳጥን አይሞላም። ባቡር የሚፈልገው ብዛት ነው፦ ድንጋይ ከሰል፣ የብረት ማዕድን፣ ኖራ ድንጋይ፣ ፖታሽ፣ ጠጠር። የብረት ማዕድን ፉርጎዎች አጫጭር የሆኑትም ጭነቱ በጣም ከባድ ስለሆነ ነው። ትልቅ ፉርጎ ቢሞላ ሐዲዱ አይችለውም።

ልኬቱን በተመለከተ በጣም የተለመደው ኤችኦ የሚባለው፣ 1 ለ87 ነው፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። በዚህ ልኬት የአዲሱ መስመር የሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር፣ የአሮጌው ምድር ባቡር 12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ የታወቀ ብልሃት አለ። ኤን በሚባለው በትንሹ ልኬት (1 ለ160) የሚሸጠው ሐዲድ ስፋቱ 9 ሚሊሜትር ነው። ይህንኑ በኤችኦ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ የማዕድን ጉድጓድ ጠባብ ሐዲድ ያስመስለዋል። ለብቻው የተሠራ ጠባብ ሐዲድ ፍለጋ መልፋት አይጠበቅም።

ግንባታው ከኮረብታው ሳይሆን ከመጫኛው ቢጀመር ይሻላል። መጀመሪያ ሐዲዱ ይነጠፋል። ከዚያ ከላይ የሚቆመው የመጫኛ ማማ ትልቁን ፉርጎና ሎኮሞቲቩን እንደሚያሳልፍ በእጅ እየገፉ ይሞከራል። ኮረብታው የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ፎም ተደራርቦ ይጣበቅና በቢላ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቆረጣል፤ እውነተኛ ቁፋሮም እንዲሁ በእርከን ነው የሚወርደው። ላዩ በጀሶ ይሸፈናል። ከእርከኑ ሥር ልቅ ድንጋይ ሲከመር ቁልቁለቱ ከ35 ዲግሪ አካባቢ እንዳያልፍ ይሁን። ልቅ ድንጋይ ከዚያ በላይ አይቆምም፤ ቀጥ ብሎ የተከመረ ካዩት ዓይን ወዲያው ይነቃል።

ዋናው ጣዕም ግን ድንጋዩ ላይ ነው። አዳማ ላይ ቀይ አፈር እንዲመስል ቀለም የተቀባ ሰጋቱራ መግዛት ምን ያደርጋል? እውነተኛው ሬድ አሽ አለ። ይደቀቃል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በወንፊትና በሻይ ማጥለያ በየመጠኑ ይለያል። በ1 ለ87 አንድ ሰው 2 ሴንቲሜትር ነው፤ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ገደማ። የሻይ ማጥለያው የሚያሳልፈው ለመንገዱ፣ የሚያስቀረው ለክምሩ ይሆናል። ከመጠቀም በፊት ማግኔት በላስቲክ ጠቅልሎ በደቃቁ ውስጥ ማመላለስ የግድ ነው። ሬድ አሽ ብረት አለበት፤ ጥቁር ብናኙ ማግኔቱ ላይ ጢም ያበቅላል። ያ ብናኝ ከቀረ የሎኮሞቲቩ ሞተር ይስበውና ውስጡ ይገባል።

ማጣበቂያው በውኃ የቀጠነ ኮላ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ደረቁን ይደረደራል። አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውኃ እንደ ጉም ይረጭበታል። ከዚያ ኮላው በስሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ኳስ ሠርቶ ላዩ ላይ ይንከባለላል። ፑሚስ ደግሞ የራሱ ዐመል አለው፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ኮላው ከበዛበት ክምሩ ተነስቶ ይሄዳል። ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ፣ እያደረቁ መድገም ነው።

ጭነቱን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፉርጎው ልክ ፎም ቆርጦ ላዩ ላይ ድንጋይ ማጣበቅና ሥሩ ምስማር መቅበር ነው። ባቡሩ ሲደርስ ጭነቱ ጫፉ ላይ ማግኔት ባለው እንጨት ብድግ ይላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል። ማዕድን ማውጫውና ድንጋዩን የሚቀበለው ፋብሪካ በአንድ ግድግዳ ጀርባና ፊት ይሠራሉ፤ ሐዲዶቹ ግን ግድግዳውን በስተው ይገናኛሉ። ባዶዎቹ ማዕድን ማውጫው ውስጥ ገብተው ከፋብሪካው ባዶ ሆነው ይወጣሉ። የተጫኑት ደግሞ ፋብሪካው ገብተው በማውጫው በኩል እንደተጫኑ ብቅ ይላሉ። ማንም ምንም አይጭንም፣ አያራግፍም። ተመልካች ግን ሁሌም የተሞላ ባቡር ሲወጣ ያያል።

ለጀርባው ሥዕል የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ጥሩ ምልክት ናቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የሚያመነጭ ነው። በትክክለኛ ልኬታቸው መሥራት ግን አያዋጣም። ከ60 ሜትር በላይ የሆነ ምሰሶ በ1 ለ87 እንኳ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኮረብታውን ውጦ ያስቀረዋል። ሩቅ እንዲመስሉ አሳንሶ መሳል ይበቃል።

የአዳማ ነፋስና አቧራ ራሱ ጉዳይ ነው። ጠረጴዛው በማይሠራበት ጊዜ በጨርቅ ይሸፈን፤ ሐዲዱም በአልኮል ይወልወል። ፑሚስ ብረት የሚፍቅ ድንጋይ ስለሆነ ፉርጎ ላይ የሚጫነው ሁሉ በኮላ በደንብ መታሸግ አለበት። ብናኙ የሎኮሞቲቩ የማርሽ ጥርስ ውስጥ ከገባ ፈጭቶ ይጨርሰዋል።