«ሰውየውን አውቀዋለሁ» እና ሌሎች የመኪና ገዢ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ አምስትና ስድስት መኪና በአንዴ የሚገዛ ብዙ ነው። አስጎብኚዎች፣ ሆቴሎች፣ የሠራተኛ ሰርቪስ የሚያቀርቡ ማኅበራት፣ ከፎገራ ሩዝ የሚጭኑ ነጋዴዎች አሉ። ስለ መኪና አቅራቢ ሲነሣ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ «እምነት ጠፍቷል»። ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌብነት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ሲነሡ የያዙት የተሳሳተ ግምት ነው።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ውል ምን ያደርጋል?»

ሰፈር ያገናኛል፣ እቁብ ያገናኛል። ስለዚህ ውል እንጻፍ ማለት «አላምንህም» ማለት ይመስላል። ውል ግን ለከሃዲ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። ሁለት ጨዋ ሰዎችም አንድን ቃል ለየቅል ይረዱታል። «በሁለት ወር ይደርሳል» ሲባል ገዢው ባሕር ዳር ላይ ቁልፍ የሚቀበል ይመስለዋል። ሻጩ ያሰበው ጅቡቲ ወደብ መድረሱን ነው። በመሀል ጉምሩክ አለ፣ ሰሌዳ ማውጣት አለ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ለጥምቀት እንግዳ የተቀበለ አስጎብኚ በዚህች ልዩነት ብቻ ወቅቱ ያመልጠዋል። ማንም ደግሞ አልዋሸም።

ቀብድን ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ ሰው ቀብድና ቅድመ ክፍያን አንድ ያደርጋቸዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብዱ ግን ይቀርበታል። የተቀበለውም መተው ይችላል፤ እሱ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ አስቡት። ሻጩ በትንሽ ቀብድ ታስሯል፣ የመኪና ዋጋ ደግሞ ጨመረ። እጥፍ መልሶ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ያተርፋል። ስለዚህ የሰጣችሁት ብር ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ? ውሉም ደረሰኙም ላይ ይጻፍ። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ የባንክ ዋስትና ጠይቁ፤ አቅራቢው ሳያስረክብ ቢቀር ባንኩ ይከፍላችኋል ማለት ነው። ነውር የለውም፤ ደህና አቅራቢ ይህን ጥያቄ ለምዶታል።

«ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ርካሹን ወሰድን»

ከሦስት አቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ መሰብሰብ ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ግዥ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ለማሟያ ናቸው። አቅራቢዎች ይህን አያውቁም ብላችሁ አታስቡ። ለማሟያ መጠራቱ የገባው ሰው ቁጭ ብሎ ሒሳብ አይሠራም። የመጣለትን ቁጥር ይጽፋል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ በቃ። ሌላ ጊዜ ከልባችሁ ስትጠይቁትም እንደዚያው ያደርጋል። ገበያውን የምታውቁበትን በር ራሳችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው። ለተሸነፈው ስልክ ደውሎ «በዋጋ ሳይሆን በማስረከቢያ ጊዜ ነው የተበለጥከው» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ይህን የሚያደርግ ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም።

ርካሽነቱም ይመርመር። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሚኒባሶች በሞተር፣ በካምቢዮና በወንበር ብዛት ሊለያዩ ይችላሉ። ለከተማ ሰርቪስ የሚበቃው መኪና ክረምት ላይ ከፎገራ ጥቁር ጭቃ ላይወጣ ይችላል። ዝርዝሩ አንድ ሳይሆን ዋጋ አይወዳደርም። ከዚያ መለዋወጫ ይመጣል። እንበል አንድ ሚኒባስ በቀን 4,000 ብር ያስገባል። አንድ ዕቃ ጠፍቶ 20 ቀን ከቆመ 80,000 ብር ሄደ። በግዥው ጊዜ «አተረፍን» የተባለው ብር እንዲህ ነው የሚያልቀው።

እኔ ብሆን ከሾውሩሙ በፊት መጋዘኑን ነው የማየው። ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ የፊት መስታወት ዛሬ እጁ ላይ አለ ወይ? ምስክር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛውን ደንበኛ ጠይቁ። ባለፈው ወር የገዛው ገና መኪናውን እያጠበ ነው።

«ዋጋ ጨመረብኝ፤ አታለለኝ»

የሚያታልልም አለ። ሁሉም ጭማሪ ግን ማታለል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር ዋጋ የቆረጠ አስመጪ በድሮው ዋጋ ሸጦ ሌላ መኪና ማስገባት አይችልም። በዚያ ጊዜ «ዋጋዬ አይነቃነቅም» ያለ ሁሉ ደግሞ ታማኝ ነበር ማለት አይደለም፤ የማይችለውን ቃል የገባም አለ።

ፕሮፎርማ ላይ «ዋጋው የሚጸናው ለዚህን ያህል ቀን ነው» የሚለው መስመር የሚጻፈው ለዚህ ነው። የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ውሉ ላይ ምንዛሪ ሲንቀሳቀስ ጭማሪው በየትኛው ባንክ ተመን፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰላ ይስፈር። ጣሪያም ይኑረው። ጣሪያው ካለፈ ገዢው ገንዘቡን ተቀብሎ ይውጣ። ዶላር ከወረደም ስሌቱ ለገዢው ይሥራ፤ ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ ካለ እወቁት።

«ዋስትና አለው፤ ችግር የለም»

ዋስትና በዋናነት የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ፊልትሮ በአብዛኛው አይገቡበትም። ሰርቪሱ በሰዓቱና በተፈቀደ ጋራዥ ካልተደረገ ደግሞ ሊሰረዝ ይችላል። ያ ጋራዥ የት ነው? አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ለዘይት ቅየራ ብሎ የዓባይን በረሃ የሚወርድ የሚወጣ ሾፌር አይኖርም። ባሕር ዳር ያለ አንድ ጋራዥ በጽሑፍ እንዲፈቀድላችሁ ተደራደሩ። ወይም መካኒኩ በየጊዜው ራሱ ይምጣ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ለባሕር ዳር ከተማ ሥራ በጣም ይስማማል። ከተማው ሜዳ ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በአየር መሳሳት አይደክምም። «ጥገና የለውም» የሚባለው ግን ተረት ነው። ዘይት አይቀየርለትም እንጂ ጎማ፣ ፍሬንና ኩሽኔታ አለው።

የቻይና መኪኖች ላይ የሚጻፈው የጉዞ ርቀት በአብዛኛው ሲኤልቲሲ በሚባል የቤተ ሙከራ መለኪያ የተገኘ ነው። መንገድ ላይ ያንሳል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጣማ በጣም ያንሳል። በይፋ ወኪል በኩል ባልገባ መኪና ላይ የአምራቹ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላልና የባትሪውን ዋስትና ማን እንደሚሸከመው ለብቻው ጠይቁ። ሶኬቱንም እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና ሶኬት ነው ያለው፤ ቻርጀራችሁ ሲሲኤስ2 የሚባለው የአውሮፓ ዓይነት ከሆነ ቀጥታ አይገጥምም።

«ርክክብ ቁልፍ መቀበል ነው»

አይደለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ሰነዱ) እና ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር ይመሳከር። የራሳችሁ መካኒክ ይንዳው። ሕጉ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እናንተ ደግሞ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ።

«መታመን ያለበት አቅራቢው ነው»

አቅራቢዎችን ሰምቶ የሚያውቅ ይህን አይልም። እነሱም የሚሉት አላቸው። ገዢው ካዘዘ በኋላ ዝርዝር ይቀይራል። ክፍያ «ፊርማ ላይ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋል። ከአቅሙ በላይ ሩዝ የተጫነበት መኪና ሱስታው ሲሰበር «የፋብሪካ ጉድለት ነው» ተብሎ ይመጣል። አንድ ሁለቴ እንዲህ የተደረገበት ሰው በሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ የእናንተን ስም ሲያይ ትንሽ ይጨምርበታል። አይነግራችሁም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ መኪና የሰርቪስ መዝገብ ያዙ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረ ዕቃ። መዝገብ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ የዋስትና ክርክሩ አጭር ነው። ክፍያ የሚዘገይ ከሆነ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ደውላችሁ አዲስ ቀን ስጡ። ለጥር የምትፈልጉትንም መስከረም ላይ ንገሩት፤ ታኅሣሥ ላይ የተጠየቀ አስመጪ ያለው ምርጫ ወይ እምቢ ማለት ወይ መዋሸት ነው።