ደኅንነቱ የተጠበቀ የነርስ ለታካሚ ጥምርታ ምንድን ነው?

ስለ ሆስፒታሎቻችን የነርስ እጥረት ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ስሌት ተደጋግሞ ይቀርባል። አስተያየት ሰጪው ነርሶቹን ከደመወዝ መዝገብ፣ አልጋዎቹን ከሆስፒታሉ ሪፖርት ይወስድና አንዱን ለሌላው ያካፍላል፤ ከዚያም «200 ነርስ ለ400 አልጋ፣ አንድ ለሁለት ማለት ነው፤ ይህ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥምርታ ነው፤ ታዲያ ጫናው የቱ ላይ ነው?» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሮቹ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማካፈሉም ትክክል ነው፤ የተገኘው ውጤት ግን የነርስ ለታካሚ ጥምርታ አይደለም።

ጥምርታ ማለት በአንድ ዋርድ (ታካሚዎች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል)፣ በአንድ በተወሰነ ሰዓት፣ አንድ ነርስ በርክክብ ተቀብላ በኃላፊነት የያዘቻቸው ታካሚዎች ብዛት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ነርስ ግን በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ትሠራለች። ስለዚህ ሌሊቱንም እሑዱንም ጨምሮ አንድን የሥራ ቦታ ያለ ክፍተት ለመሸፈን ከአራት በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ የዓመት ዕረፍት፣ የወሊድና የሕመም ፈቃድ እንዲሁም ሥልጠና ሲታሰብ ቁጥሩ አምስት ገደማ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ከ200ዎቹ ነርሶች በአንድ ሰዓት ሥራ ላይ የሚገኙት 40 ያህል ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በቀዶ ሕክምና፣ በድንገተኛ፣ በተመላላሽ ሕክምናና በአስተዳደር የተመደቡት ሲቀነሱ በዋርድ የሚቀሩት ከ40 በእጅጉ ያንሳሉ። አልጋው ሁሉ ከተያዘ 40ዎቹ በሙሉ ዋርድ ቢገቡ እንኳ አንድ ለአሥር ነው። የሌሊቱ ፈረቃ ከቀኑ ሲሳሳ ደግሞ፣ እንደተለመደው፣ አንዲት ነርስ 15 ወይም 20 ታካሚ ይዛ ታድራለች።

አስተያየት ሰጪው የጠቀሳት ካሊፎርኒያ ራሷ ይህን ዓይነቱን ስሌት በግልጽ ከልክላለች። የነርስ ጥምርታ ሕጓ እ.ኤ.አ. በ1999 ጸድቆ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ለውስጥ ደዌና ለቀዶ ሕክምና ዋርዶች አንድ ለስድስት ተደነገገ፤ በ2005 ወደ አንድ ለአምስት ዝቅ አለ፤ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ለሁለት ነው። የማስፈጸሚያ ደንቡ በአንድ ፈረቃ ውስጥም ሆነ በሌላ በማንኛውም የጊዜ ርዝመት የታካሚዎችንና የነርሶችን ቁጥር አማካይ አድርጎ ማቅረብን አይፈቅድም፤ ጥምርታው በማንኛውም ሰዓት መጠበቅ አለበት። የዋርድ ኃላፊዋም የምትቆጠረው ታካሚ ይዛ በቀጥታ ስትሠራ ብቻ ነው። አንዲት ነርስ ለምሳ ስትወጣ ታካሚዎቿን ለሥራ ባልደረባዋ አደራ ብላ ብትሄድና ባልደረባዋ ለግማሽ ሰዓት አሥር ታካሚ ብትይዝ ሕጉ ተጥሷል፤ ስለዚህ የምሳ ሰዓት ተተኪ መመደብ የግድ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይበልጥ የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ሕጉ ለአንድ ነርስ የፈቀደውን የታካሚ ብዛት ጣሪያ እንደ ግብ መውሰድ ነው። ሚኒባስ ታክሲን ያስቡ። በወንበር ልክ ብቻ እንዲጫን የወጣው ደንብ ከዚህ በላይ መጫን አደገኛ ነው ይላል እንጂ ወንበሩ ሁሉ ካልሞላ መኪናው አይንቀሳቀስ አይልም። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ባዶውን ሲመላለስ የዋለ ታክሲ ማታ ላይ ትርፍ ጭኖ ቢገለበጥ የዕለቱ አማካይ ከወንበሩ ቁጥር በታች መሆኑ ለተሳፋሪዎቹ ምንም አይፈይድም። ረዳቱ ጎበዝ ቢሆንም በሕዝብ ብዛት ምክንያት መሪ አይጨብጥም፤ በዋርድም የጽዳት ሠራተኛ፣ ተላላኪና ተለማማጅ ተማሪ እንደ ነርስ ሊቆጠሩ አይገባም። ተሳፋሪው ከባድ ጓዝ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ወንበሩ ልክ ሆኖም ጭነቱ ከልክ ያልፋል፤ አምስት ታካሚ ሁሉ አንድ ዓይነት አምስት አይደለምና። የካሊፎርኒያው ደንብ ይህን አስቀድሞ አይቶ፣ የተደነገገው የነርስ ቁጥር የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን እንደሆነና የታካሚዎቹ ሕመም ሲጠና ሆስፒታሉ ተጨማሪ ነርስ መመደብ እንዳለበት ያዛል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለታካሚ ደም ከመስጠት ሥራ የተሻለ ማሳያ የለም። የታካሚው ስም፣ የደም ዓይነቱና የከረጢቱ ቁጥር አልጋው አጠገብ በሁለት ባለሙያዎች መመሳከር አለባቸው። ደሙ ከተጀመረ በኋላ ነርሷ ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከታካሚው መራቅ የለባትም፤ እጅግ አደገኛ የሆነው የሰውነት ምላሽ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ የወገብ ሕመሙ፣ የደም ግፊቱ መውረድ፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነውና። 20 ታካሚ ይዛ ብቻዋን ያደረች ነርስ ከማን ጋር ታመሳክራለች? 15 ደቂቃውን ብትቆም ከዋርዱ ሌላ ጫፍ ትንፋሹ በደቂቃ ከ18 ወደ 26 የወጣውን ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ታካሚ ማን ይቆጥርለታል? ነርሷ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ሆና አይደለም፤ ሥራው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ እንዲገኝ ስለሚጠይቅ ነው።

ለዚህ በጥናት የተደገፈ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ላይ የወጣው ታዋቂ ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ከመቶ ታካሚ ሰባት ይሞታል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው ዕድል ራሱ በ7 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። ጥናቱ ሆስፒታሎችን በአንድ ወቅት ያነጻጸረ ስለሆነም ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ይበልጥ የሚያሳምነኝ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥምርታ የተደነገገባቸው 27 ሆስፒታሎች ካልተደነገገባቸው 28 ጋር ከሕጉ በፊትና በኋላ ተነጻጽረው፣ በኋለኞቹ የሞት ዕድል ሲጨምር በፊተኞቹ ጉልህ ጭማሪ አልታየም። በእውነት ለመናገር የኩዊንስላንድ ሕግ፣ በቀን አንድ ለአራት በሌሊት አንድ ለሰባት የሚለው፣ አማካይን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአንድ ዋርድ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ብቻ፣ ማለትም አንዷ ሦስት ከባድ ታካሚ ስትይዝ ሌላዋ አምስት ቀለል ያሉ እንድትይዝ ነው። የሕክምና ክፍሎችንና ፈረቃዎችን ሁሉ ደባልቆ ከማካፈል ጋር አይገናኝም።

የእንግሊዝን የነርስ ምደባ መመሪያ «ስምንት ይፈቀዳል» ብለው የሚጠቅሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያ ለሁሉም ዋርድ የሚሆን አንድ ጥምርታ የለም ነው ያለው፤ በቀን ፈረቃ አንድ ነርስ ከስምንት በላይ ታካሚ ስትይዝ ጉዳት እንደሚጨምር ማስረጃ ስላለ ኃላፊዎች ወዲያውኑ ሁኔታውን እንዲፈትሹ አሳሰበ። የማስጠንቀቂያ ደወልን ፈቃድ አድርጎ መጥቀስ ትክክል አይደለም።

በአገራችን ስሌቱን ይበልጥ የሚያድበሰብሰው አስታማሚ ነው። አስታማሚ ያበላል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ይዞራል፣ አልጋው ሥር ያድራል፤ ያለ እርሱ ብዙ ዋርዶች አንድ ቀን አይውሉም፤ ለዚህም ከልብ ላመሰግነው እወዳለሁ። ሆኖም አስታማሚው የሚሸፍነው ከነርሷ ሥራ ለዓይን የሚታየውን ክፍል ነው። ወንድሙ «ተኝቷል» ብሎ ደስ ሲለው ነርሷ ንቃቱ እየቀነሰ መሆኑን ልትለይ ትችላለች። ለሺህ ሕዝብ ስንት ነርስ አለ የሚለው አገራዊ ቁጥርም ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ነርሶች ባሉበት አገር ያ ቁጥር እያደገ ዋርዱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ጥምርታውን ሲገልጽ ዋርዱን፣ ፈረቃውንና በዚያ ሰዓት የተኙትን ታካሚዎች ብዛት መናገር ይኖርበታል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዋርዱ ለፈረቃው የታቀደውንና በእርግጥ የተገኘውን የነርስ ቁጥር ጎን ለጎን አድርገው ለታካሚና ለቤተሰብ ያሳያሉ። ይህን በእኛም ዋርዶች መጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሰሌዳና በየርክክቡ የሚሞላ ሰው ይበቃል። ከነርሶቹ ቁጥር ጎን የታካሚዎቹ ቁጥር፣ ከታካሚዎቹም ውስጥ ኦክስጅን ላይ ያሉት፣ ደም የሚወስዱትና በዕለቱ ከቀዶ ሕክምና የወጡት ለየብቻ ቢጻፉ እመርጣለሁ።